ከሞክሼ ጋር ከእንጦጦ እስከ ሱባ

ጥቅምት 20፣ ማታ

ሻንጣው ሦስት ጊዜ ታስሮ ሦስት ጊዜ ተፈታ። ሁለት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሳምንት የቀራትን ልጅ ይዞ ለአምስት ቀን መውጣት ቤቱን ራሱን ተሸክሞ እንደመውጣት ነው። ዳይፐር፣ የአጥሚት ዱቄት፣ ሁለት ፔርሙስ፣ የትኩሳት ሽሮፕ፣ አንድ ጆሮዋ የተቦጨቀ የጨርቅ ጥንቸል፣ ሦስት ካንጋ። እኔ ለራሴ የያዝኩት አንድ ሹራብ ብቻ ነው።

ካንጋ ባለቤቴ ከአገሯ ከኬንያ ያመጣችው ባለቀለም የጥጥ ጨርቅ ነው። ዳሩ ላይ አንድ አባባል በስዋሂሊ ታትሞበታል። ልጅ ይታዘልበታል፣ ሣር ላይ ይነጠፋል፣ ብርድ ሲመጣ ይደረባል፣ ቸግሮ ቸግሮ ፎጣም ይሆናል። እናቴ እኔን ያዘለችበት ባለዛጎል አንቀልባ ግን ሳሎን ግድግዳ ላይ እንደ ጌጥ ተሰቅሏል። ባለቤቴ አንድ ቀን አውርዳ ሞክራው ነበር፤ "ቆዳው ከልጁ ይከብዳል" ብላ መለሰችው።

ሩቅ አንሄድም። የምንኖረው ከከተማው በስተምሥራቅ ጫፍ፣ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሐሳባችን ከተማዋን በሰሜን ዞረን በምዕራብ ጫፍ መውጣት ነው፦ እንጦጦ፣ ሱሉልታ፣ ሆለታ፣ ከቻልን የሱባ ጫካ። ለጉዞው ሰበብ የሆነችው ሞግዚታችን ናት። ለእረፍት ሆለታ አጠገብ ወዳሉት ቤተሰቦቿ ስትሄድ "ልጅቷን ይዛችሁ ካልመጣችሁ ተቀይሜያችኋለሁ" ብላ ነው የወጣችው። ሞግዚት አስቀይሞ መኖር ደግሞ አይቻልም።

ስለ ልጅቷ ስም ልናገር። ባለቤቴ ኪኩዩ ናት፣ የኜሪ ልጅ። በእነሱ ወግ የመጀመሪያዋ ሴት ልጅ በአባቷ እናት ስም ትጠራለች፤ ምርጫ የሚባል ነገር የለም። እኛ ዘንድ የአባት ስም ይከተላል እንጂ የሴት አያት ስም ማን ያነሳዋል? እናቴ የልጅ ልጇ በስሟ መጠራቷን ስትሰማ ስልኩን ዘግታ አለቀሰች። መልሳ ደውላ ደግሞ ተቆጣች፤ "በቁሜ ስሜን ወሰዳችሁብኝ" ብላ። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን አንድም ጊዜ በስሟ ጠርታት አታውቅም፤ የራስን ስም መጣራት ያሳፍራል ትላለች። "ሞክሼ" ነው የምትላት። እኛም ሞክሼ አልን፣ ጎረቤቱም ሞክሼ አለ፣ በዚያው ቀረ።

አንድ ጭንቀት ይዘን ነው የምንወጣው። ሞክሼ ቃል ታወጣለች እንጂ ሁለት ቃል አጋጥማ አታውቅም። ባለቤቴ ባለፈው ወር የምትናገረውን ሁሉ ጽፋ ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፋዋለች። 31 ቃል ነው፦ 11 አማርኛ፣ 9 ስዋሂሊ፣ 7 ኦሮምኛ፣ 4ቱ የማንም ያልሆኑ። ኦሮምኛው ከሞግዚቷ ነው። ጎረቤት "ቋንቋ አደባለቃችሁባት፣ ምስኪን" ይላል። ሐኪሟ የሁሉንም ቋንቋ አንድ ላይ ደምሩ እንጂ ለየብቻ አትቁጠሩ፣ ሁለት ዓመት ላይ ወደ 50 ቃልና ሁለት ቃል ማጋጠም ነው የምንጠብቀው አለን። ከዚያ ወዲህ የቤታችን ሰው ሁሉ ጆሮውን አቁሞ ነው የሚውለው።

ቃላቱ የተከፋፈሉበት መንገድ ይገርመኛል። እንስሳ በስዋሂሊ ነው፤ የሥዕል መጽሐፉን የምታነብላት እናቷ ናትና። ትእዛዝ በኦሮምኛ ነው፤ ቀኑን ሙሉ እያሯሯጠች የምትውለው ሞግዚቷ ናትና። ለአማርኛ የደረሰው ምግብና እምቢታ ነው። ዳቦ፣ ሙዝ፣ እምቢ።

ጥቅምት 21፣ እንጦጦ

ማርያም ናት፣ ያውም በጽጌ። እናቴን ከሽሮ ሜዳ ልንወስድ በአባቴ ቮልስ ሄድን። ጽጌን ትጾማለች፤ ግዴታ ስላልሆነ ነው የበለጠ የምትጠነቀቅለት። ነጠላዋን አጣፍታ በር ላይ ቆማ ነበር። "እንዴት አደርሽ ሞክሼ?" አለቻት ትንሿን። ትንሿ "ሙዝ" አለች።

ቮልሷ አራት ሰውና አንድ ሻንጣ ጭና የእንጦጦን ዳገት በአንደኛ ማርሽ ስታቃስት የሆነ ነገር ሸተተኝ። ባህር ዛፍ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

ደጀ ሰላሙ ላይ ባለቤቴ የታወቀውን ስሕተቷን ሠራች። መስቀል የያዙ አረጋዊ ቄስ ሲያልፉ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ጎንበስ ብላ፣ በፍጹም ትሕትና "አባ፣ እንዴት አደርሽ?" አለቻቸው። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ጎሰጎሰች። ቄሱ ቅንጣት አልተናወጹም፤ "እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ" ብለው መስቀሉን ዘረጉላት። ስዋሂሊም ኪኩዩም ወንድና ሴት የሚለይ "አንተ" እና "አንቺ" የላቸውም። በዚያ ላይ ሰው ሁሉ እሷን የሚያናግራት "ነይ፣ ብይ፣ ተቀመጪ" እያለ ስለሆነ የሰማችውን ነው የምትመልሰው። እኔን በትዳራችን አራት ዓመት ሙሉ "ነይ" ስትለኝ ኖራለች። አንድ ቀን ሰው ፊት "ና" ብትለኝ የተቆጣች መስሎኝ ነበር።

ሞክሼ መስቀሉን ሳመች ከማለት ነከሰችው ማለት ይቀላል። ጥርስ እያወጣች ነው።

እንጦጦ ማርያም ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑባት ቤተ ክርስቲያን ናት። ያኔ ከተማው እዚሁ ተራራ ላይ ነበር፤ እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃውን ወድደው ወደ ታች እስኪስቡት ድረስ። ይህን ሁሉ ለባለቤቴ ላስጎበኛት ተዘጋጅቼ ነበር። ሞክሼ ግን ባህር ዛፍ ሥር ቁጭ ብላ ፍሬ መልቀም ያዘች። የባህር ዛፍ ፍሬ እንደ ቁልፍ ክብ ነው፣ አናቱ ላይ በመስቀል የተሰነጠቀ፤ ሲያሹት እጅ ላይ የጉንፋን መድኃኒት ሽታ ይተዋል። አንዷን ታነሳለች፣ ታገላብጣለች፣ ታሸታለች፣ ለአያቷ ትሰጣለች። ሌላዋን ታነሳለች። እናቴ እየተቀበለች በነጠላዋ ጫፍ ትቋጥራለች። አርባ ደቂቃ እንዲህ አለፈ፣ ታሪኬም ሳይነገር ቀረ።

ቁልቁል ስንመለስ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች መንገዱን ይዘው ይወርዳሉ። ጭነታቸው ከቁመታቸው ይረዝማል። አንደኛዋ ሸክሟን ሳታወርድ ግንብ ላይ አስደግፋ ትንፋሽ ስትሰበስብ ባለቤቴ ልጇን በካንጋ አዝላ ደረሰች። ሴትየዋ ቀና ብላ አየቻቸውና "ያንቺ ሸክምስ ይስቃል" አለች። ባለቤቴ ለመመለስ የአማርኛ ቃል ስትፈልግ ሴትየዋ ተነስታ ሄዳለች።

ከአዲሱ ገበያ በላይ የጎጃም መንገድ ዳገት ላይ የሸተተኝ ነገር ባህር ዛፍ አለመሆኑ ተረጋገጠ። ፍሪሲዮኑ ተቃጠለ። ሱሉልታ የገባነው በአንድ አይሱዙ ተጎትተን ነው። እናቴ መንገዱን ሙሉ ውዳሴ ማርያም ስትደግም፣ ሞክሼ ከፊታችን የሚሄደውን የመኪና ቂጥ እያየች ታጨበጭባለች። የጉዞው ምርጥ ክፍል ለእሷ ይህ ነበር ብል አልዋሽም።

ጥቅምት 22፣ ሱሉልታ

በጥቅምት አንድ አጥንት የሚባለው ሱሉልታ ላደረ ሰው ነው። አክስቴ ቤት ሁለት ብርድ ልብስና ሦስት ካንጋ ደርበን ጥርሳችን ሲፋጭ አደረ።

12 ሰዓት ተኩል ላይ ሞክሼን አቅፌ ወጣሁ። ሜዳው ላይ ጭጋጉ እስከ ጉልበት ነው፤ የድርቆሽ ክምሮቹ አናታቸው ብቻ ይታያል። ከጭጋጉ ውስጥ መጀመሪያ ድምፅ መጣ፣ ሣር የሚረግጥ የብዙ እግር ድምፅ፣ ከዚያ ሯጮቹ። ከ2,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው ይህ ሁሉ። እኔ ልጅ አቅፌ ቆሜ እንኳ እተነፍሳለሁ፤ እነሱ እየሮጡ ያወራሉ።

ባለቤቴ ከኋላዬ መጣች፤ ከዚያ የማይቀረው ክርክር ተነሳ። እኔ ሲድኒን አነሳሁ፦ መስከረም 1993 ዓ.ም.፣ 10,000 ሜትር፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ፖል ቴርጋትን በ9 መቶኛ ሰከንድ ቀድሞ የገባበት። እሷ ፓሪስን አመጣች፦ ነሐሴ 1995 ዓ.ም.፣ 5,000 ሜትር፣ የ18 ዓመቱ ኤሊውድ ኪፕቾጌ ወርቁን ሲወስድ ቀነኒሳ በቀለ ሦስተኛ የሆነበት። "ኪኩዩ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የምትሮጡት?" ብዬ ልዘጋት ሞከርኩ። ስለ ቤጂንግ ማራቶን፣ ስለ ሳሙኤል ዋንጂሩ አስታወሰችኝ። ዝም አልኩ። ሞክሼ እጇን ዘርግታ ሯጮቹን "ኮቱ! ኮቱ!" ትላለች፤ በኦሮምኛ ና፣ ነይ ማለት ነው። ለወንድም ለሴትም አንድ ስለሆነ ባለቤቴ ከሁሉ ይህን ቃል ትወደዋለች።

አክስቴ አራት ላሞች አሏት። እናቴ ስለምትጾም፣ እኔ ጥሬ ወተት ስለማይስማማኝ፣ የተፈላው ሁሉ ለሞክሼ ሆነ። የአክስቴ ሐሳብ ግን ገንፎ ነበር። ትልቅ ሳህን ላይ አምጥታ መሐሉን ጎድጎድ አድርጋ ቅቤና በርበሬ ስታፈስበት ባለቤቴ ትኩር ብላ አየችና "ኡጋሊ ባለጠጋ ሲሆን እንዲህ ይመስላል" አለች። ኡጋሊ የእነሱ የበቆሎ ገንፎ ነው፤ ያለ ቅቤ፣ ከጎመን ጋር ይበላል። ያንን ጎመን ሱኩማ ዊኪ ይሉታል፣ ሳምንቱን ግፊው እንደማለት፤ ደመወዝ ሲያልቅ ሳምንት የሚያሻግር ወጥ ስለሆነ። አክስቴ ይህን ስትሰማ "አሃ፣ ድህነቱም አንድ ነዋ" ብላ ሳቀች።

ከሰዓት በኋላ ሞክሼ የግቢውን ድንጋይ ለመውጣት ስትታገል በግንባሯ ተደፋች። ሦስት ሴቶች በአንድ ትንፋሽ ጮኹ። አክስቴ "እኔን!" አለች። እናቴ "እኔን ይድፋኝ!" አለች። ባለቤቴ "ፖሌ፣ ፖሌ ሳና" አለች። ማታ ስናወራው ነው ልዩነቱን ያየሁት። ፖሌ አዝኜልሻለሁ ነው፤ ሰውየው ሲወድቅ አጠገቡ ትቆማለህ። እኔን ደግሞ በአንቺ ፈንታ እኔ ልውደቅ ነው። ባለቤቴ ቃሉ በጣም ትልቅ ነው፣ ለተጫረ ጉልበት አይበዛም ወይ? አለች። መልስ አልነበረኝም፤ አስቤበት አላውቅማ።

የተጣሉት ግን በዚህ አልነበረም። እናቴ መሬቱን በመዳፏ እየደበደበች "ይሄ ነው የጣለሽ? ምቺው! ምቺው!" ስትል ነው ባለቤቴ ፊቷን ያጠቆረችው። "እማማ፣ መሬቱ ምን አደረገ? ነገ ልጅ ስትመታ መሬት ነው የመሰለኝ ብትልሽስ?" አለች። "ብትልዎስ" ማለቷ ነው። እናቴ ተቀየመች። እሷ እኔን ያሳደገችው መሬት እየመታች ነው፣ እኔ ማንን መታሁ? እራት ድረስ በአክስቴ በኩል ነው የተነጋገሩት። እውነቱን ለመናገር ባለቤቴ ልክ ይመስለኛል፤ ያን ዕለት ግን አህያ ፈልጌ ሄድኩ።

አህያዋ የጎረቤት ናት፣ ኩበት ጭና ቆማ ነበር። ሞክሼን ትከሻዬ ላይ እንዳደረግኋት ቀረብን። ሞክሼ ዝም ብላ ቆየችና፣ እንባዋ ገና ጉንጯ ላይ ሳይደርቅ፣ ጥርት አድርጋ "ፑንዳ ኮቱ" አለች።

ፑንዳ በስዋሂሊ አህያ ነው። አህያ ሆይ ነይ። ሁለት ቃል፣ ተጋጥሞ። እየሮጥኩ ተመልሼ ስነግራቸው ባለቤቴና እናቴ ኩርፊያውን ረስተው ተቃቀፉ። እኔም ደስ አለኝ። ግን ውስጤ የሆነ ነገር ቆነጠጠኝ፤ ግማሹ የእናቷ፣ ግማሹ የሞግዚቷ። የእኔ ቋንቋ የት አለ?

ጥቅምት 23፣ ሱሉልታ

ቀኑን ሙሉ የትም አልሄድንም። ሌሊት 38.4 ትኩሳት፣ ሽሮፕ፣ እርጥብ ፎጣ፣ እሹሩሩ በሦስት ቋንቋ። ጥርሱ ነው፤ ረፋድ ላይ ብቅ አለ። ዳይፐሩም አለቀ።

መካኒኩ በ3 ሰዓት እመጣለሁ ብሎ በ10 መጣ። ባለቤቴ በቀጠሮ ሰዓት ተሳስታ አታውቅም። ስዋሂሊም ሰዓቱን እንደኛ ከንጋት ነው የሚቆጥረው፤ "ሳ ታቱ" 3 ሰዓት ነው፣ እንደኛው 3። ደቂቃም ዳኪካ ነው። ስለዚህ ፈረንጅ ጓደኞቻችን የሚያገኙትን ማመካኛ መካኒኩ ሊያገኝ አልቻለም። የፍሪሲዮን ዲስክ ከተማ ወርዶ መምጣት አለበት፣ አራት ቀን። ቮልሷን አክስቴ ግቢ፣ ላሞቹ አጠገብ ትተናት ልንሄድ ነው።

ጥቅምት 24፣ ወደ ሆለታ

እናቴ ከአዲሱ ገበያ ወደ ቤቷ ተመለሰች። የባህር ዛፍ ፍሬዎቹን እስከዚያ ድረስ ቋጥራ ይዛቸው ነበር፤ ፈታ ሞክሼ ኪስ ውስጥ ጨመረችላት። እኛ በዊንጌት፣ በአስኮ፣ በቡራዩ እየቀያየርን ሄድን።

ልጅ ይዞ ሚኒባስ መሳፈር የሚሰጠው ዕረፍት አለ። ከገባን ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ሞክሼ ከጭናችን ላይ የለችም። አንዲት እናት ታቅፋታለች፣ ከዚያ ከኋላ ያለ ተማሪ፣ ከዚያ ሹፌሩ አጠገብ ያሉ ሽማግሌ። ኬንያም እንዲህ ነው ትላለች ባለቤቴ፣ ማታቱ ላይ የማታውቀው ሰው ልጅ ያቀብልሃል። አንድ ጊዜ ብቻ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች፤ ሽማግሌው ቆሎ በመዳፋቸው ይዘው ሊያጎርሷት ሲሉ። "ያንቃታል፣ ያንቃታል!" ሰውየው ደነገጡ። ቆሎና ኦቾሎኒ በዚህ ዕድሜ ላለ ልጅ ጉሮሮ ላይ እንደሚሰነቀር አስረዳኋቸው። "ይሁን፣ እኛስ በምን ተርፈን ነው?" ብለው ቆሎውን ራሳቸው ቃሙት። ጥያቄው ተገቢ ነው። ያልተረፈው ግን መጥቶ አይመሰክርም።

ሞክሼን የማረካት ሌላ ነገር ነበር። ሰው በተነሳ ቁጥር ከኋላ "ወራጅ አለ!" የሚል ድምፅ ይመጣል፣ ያን የሚያህል መኪና ቀጥ ይላል። ዐይኗ ከተናጋሪው ወደ ሹፌሩ፣ ከሹፌሩ ወደ በሩ ይመላለሳል። እንዲህ ያለ ሥልጣን ያለው ቃል ቤታችን ውስጥ የለም።

ቡራዩን ስናልፍ ገፈርሳ ብልጭ አለ። ሞክሼ አየችውና "ማጂ" አለች፣ ውሃ። ሰፊ ነው፣ ዝም ያለ። የአዲስ አበባ ቧንቧ ከዚህም ይጠጣል። ከዚያ ግራ ቀኝ ባህር ዛፍ ነው። ምኒልክ በ1890ዎቹ ማገዶ አልቆባቸው ከተማውን ነቅለው ከሆለታ አለፍ ብሎ ወዳለው አዲስ ዓለም ሊያዛውሩት ጀምረው ነበር። ያተረፈው ከአውስትራሊያ የመጣው፣ ቶሎ የሚያድገው ይህ ዛፍ ነው። ለቤተ መንግሥት የተጀመረው ቤትም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ባለቤቴ "ስለዚህ ከተማችሁን ያቆማት መጤ ነዋ" አለችና በመስኮቱ በኩል ፈገግ አለች። ከአራት ዓመት በፊት አጎቴ ሰርጋችን ላይ ያለውን ቃል መሆኑ ነው። አትረሳም።

ሆለታ የገነት ጦር ትምህርት ቤት ከተማ ናት፤ በ1927 ዓ.ም. የስዊድን መኮንኖች እጩ መኮንን ሊያሠለጥኑ የመጡባት። ዛሬ አላፊ አግዳሚ የሚጠይቀው ስለ አበባ እርሻዎቹ ነው። እኛን የተቀበለን ጋሪ ነው። ሞግዚታችን ፈረሱን ይዛ ቆማ ነበር፤ ሞክሼ ከሩቅ አይታት ካንጋውን ቀድዳ ልትወጣ ደረሰች።

"ባጋ ነጋን ዱፍተን!" እንኳን በደኅና መጣችሁ። ግቢው ሙሉ ቤተሰብ ነው። የሞግዚታችን ሴት አያት በዱላ እየተደገፉ መጡ፣ ሞክሼን አገላብጠው አዩ፣ ከዚያ እትፍ፣ እትፍ ብለው ግንባሯ ላይ እንደ ጤዛ የቀለለ ምራቅ ረጩባት። ልቤ ዱብ አለ። ባለቤቴ በእጅ ማጽጃ የምትኖር ሰው ናት። ዞር ብዬ ሳያት አንገቷን ዝቅ አድርጋ ተራዋን ትጠብቃለች። የኪኩዩ ሽማግሌም ሲመርቅ እንዲህ ያደርጋል፤ አያቷ ደረቷ ላይ እንትፍ ሳይሉባት ወደ ትምህርት ቤት ሄዳ አታውቅም። አሮጊቷ መረቋት። ኦሮምኛውን አልገባትም፣ ግን "አሚን" የምትልበትን ቦታ አንድም አልሳተችም።

ጩኮ ቀረበ፣ ገብሱ ተቆልቶ ተፈጭቶ በቅቤ የታሸ። ከዚያ ማርቃ። ባለቤቴ ማርቃውን ገና ስታየው መሳቅ ጀመረች። ለገንፎ በሦስት ቀን ሦስተኛ ስሙ ነው።

ጥቅምት 25፣ ሱባ

የሱባ መንገድ ለባጃጅ አይሆንም ስላሉን ፒክአፕ በኮንትራት ያዝን። ሞግዚታችንም አብራን መጣች፤ አንድ ሰዓት ርቀት ላይ ኖራ አንድም ቀን ገብታ አታውቅም።

ጫካው የወጨጫ ተራራ ጎን ላይ ነው። አፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። ይህን የሰማሁት ልጅ ሳለሁ ነው፣ ዛፎቹን ለማየት የተመኘሁትም ያኔ። ጥዱ እንደ ገመድ የተጠመዘዘ ግንድ አለው፣ ዝግባው ቀና ብሎ ይሄዳል፣ ላይ ላይ ኮሶ አለ። እግር ሥር ያለው አፈር እንደ ፍራሽ ይሰምጣል።

ሞክሼ ከመግቢያው ሃምሳ እርምጃ ሳንርቅ እናቷ ጀርባ ላይ ተኛች። ትልቁን ጥድ ተኝታ አለፈችው፣ ምንጩን ተኝታ አለፈችው። ስንመለስ ጥበቃው ጣቱን ወደ ላይ ቀሰረ። ጉሬዛዎች። ጥቁርና ነጭ፣ ጭራቸው እንደ ዝንብ ማባረሪያ የተንጠለጠለ። አንዷ ደረቷ ላይ ግልገል ለጥፋለች፣ ሙሉ በሙሉ ነጭ፤ የጉሬዛ ልጅ ሲወለድ ነጭ ነው፣ ቀስ እያለ ነው የሚጠቁረው።

ሞክሼን ቀሰቀስናት። ሦስታችንም ተሽቀዳደምን። "ጉሬዛ፣ ጉሬዛ በይ!" አልኩ እኔ። "ምቤጋ" አለች እናቷ። "ዌኒ" አለች ሞግዚቷ። ሞክሼ ዐይኗን አሻሽታ ወደ ላይ አየች፣ ሁላችንንም አየችን፣ እንደገና ወደ ላይ አየች።

"ሚያው" አለች።

ጥቅምት 26፣ ወደ ቤት

ሞግዚታችን እረፍቷ ገና ሳምንት ይቀረዋል። ስትሰናበተን ሞክሼ አለቀሰች፣ እሷም አለቀሰች፤ አይብና የገብስ ቆሎ በሁለት ፌስታል ጭናብን ሚኒባስ ገባን። ቆሎውን ባለቤቴ ወዲያውኑ እግሯ ሥር ደበቀችው።

ብዙም አልተነጋገርንም። ባለቤቴ መስኮቱን ተደግፋ አሸለበች። እኔ የማቀዝቀዣውን በር እያሰብኩ ነበር፤ "ፑንዳ ኮቱ" በየትኛው ዓምድ እንደሚጻፍ። ሞክሼ ጭኔ ላይ ቆማ በመስኮት ታያለች፣ አንድ የባህር ዛፍ ፍሬ በጣቶቿ መሐል ታሽከረክራለች።

ገፈርሳ ደረስን። ከመንገዱ ወዲያ ውሃ፣ ከወዲህ ሣር፣ ቤትም ፌርማታም የለም።

"ወራጅ አለ!"

ቀጭን ድምፅ ነው ግን ከኋላ ወንበር ድረስ ተሰማ። ሹፌሩ ሳያስብ ፍሬን ያዘ። አንድ ጆንያ ሽንኩርት ተንሸራተተ። ባለቤቴ ብትት ብላ ነቃች። ረዳቱ በሩን ከፍቶ ወደ ውስጥ አንገቱን አዞረ።

"ማነው ወራጅ?"

ዝም። ሰው ሁሉ ይተያያል። እኔ አፌ ተከፍቶ ልጄን አያለሁ፤ ሁለት ቃል፣ አማርኛ፣ ተጋጥሞ፣ ያውም ያለቦታው። ከኋላ አንዲት ሴት መሳቅ ጀመረች፣ ከዚያ ሌላው ተከተለ። ረዳቱ በመጨረሻ ገባው። አንድ እጁ በሩ ላይ እንዳለ ወደ ሞክሼ ጎንበስ አለ።

"እመቤት፣ ገፈርሳ ነሽ? ነያ ውረጂ።"

ሞክሼ ውሃውን አየች፣ ረዳቱን አየች፣ ፍሬዋን ጨበጥ አደረገች።

"እምቢ።"